የመስፍኑ ቀኝ ጉንጭ

ስንጥቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ሠዓሊ ይሥለዋል፤ ሌላውን ቤቱ ራሱ ያወጣዋል። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው መሰላል ላይ ወጥቶ ጥፍሩን አስገብቶ የሞከረ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ጥፍሬን አስገብቼ ነበር። የዚያን ዕለት ያየሁትን ለሚመለከተው ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ የሚያወራችሁ ሌላ ሰው ይሆን ነበር፤ ወዳጄ ሠዓሊው ታዴኦ ራሱ፣ ወይኑን ይዞ፣ እየሳቀ።

ሜንጎ እባላለሁ፤ ለሳኝ ነኝ። በከተማችን በቶሬቫልዳ ግን "ኖራው" ነው የሚሉኝ። ሠላሳ ዓመት ኖራ ሳቦካ ኖሬ ቅንድቤ ሳይቀር ነጥቷል። የለሳኝ ሥራ ምስጋና የለውም። ሰው ቤተ መንግሥት ይገባል፣ ወደ ጣሪያው ቀና ይላል፣ "የማን እጅ ነው?" ብሎ ሠዓሊውን ያወድሳል። ሥዕሉ ግን ያረፈው በእኔ እርጥብ ልስን ላይ ነው። በየማለዳው ለዚያ ቀን ሥራ የሚበቃውን ያህል ብቻ እለስናለሁ፤ ሠዓሊው ሳይደርቅ ይሥልበታል፤ ቀለሙም ከኖራው ጋር አብሮ ድንጋይ ይሆናል። እኔ ከቸኮልኩ የመልአኩ ክንፍ ይረግፋል። ይህን አስቦ "እጅህ ይባረክ" ያለኝ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ታዴኦ ነው።

ታዴኦ የኮርቻ ሰፊ ልጅ ነው፤ ከአሣ ገበያው ጀርባ ካለው ከእኛው ሰፈር። በሃያ አራት ዓመቱ መስፍኑ ጠርቶ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ አደረገው። ሰፈሩ ሁሉ ቀናበት። የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ቢቀና አይፈረድበትም። ጋሻ ቀባ፤ የሙሽራ ሣጥን ቀባ፤ የመስፍኑ ውሻ ስትሞት የመቃብሯን ድንጋይ ነደፈ፤ ለአንድ ሠርግ ከስኳር ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ እንግዶቹ እስከ ደወሉ ቆረጣጥመው በሉት። ከዚያ የፈረስ ጋጣ ሥራ ተባለ፤ ጋጣው አማረ። ከጋጣው በኋላ ድልድይ፣ ከድልድዩ በኋላ የወንዙ ግድብ፣ በመጨረሻም ቤተ መንግሥቱ በሙሉ በእጁ ገባ። "ሊቀ ጠበብት" ተባለ። ሰው ፊት እኔም "ሊቀ ጠበብት" እለዋለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን ግን "አንተ" ነው፤ በአሥር ዓመት እበልጠዋለሁና።

ማዕረጉን ያገኘው በጋጣው ወይም በድልድዩ እንዳይመስላችሁ። በመስፍኑ ግራ ጉንጭ ነው ያገኘው። መስፍናችን (ዛሬ አፈር በልቶታልና አንቱ አልለውም) በሠላሳ ዓመቱ ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት ነበር። ከአልጋው ሲነሣ የፊቱ ቀኝ ጎን ሞቶ ቀረ። የዓይኑ ቆብ ወርዷል፤ ከንፈሩ ተንጋዷል፤ በዚያ በኩል ምራቁን አይቆጣጠርም ይባላል። ይባላል የምለው ማንም ስለማያየው ነው። ከጢም ላጩ በቀር በቀኙ መቆም ክልክል ነው። ማዕድ ሲቀርብ ሰው ሁሉ በግራው ይቀመጣል፣ በቀኙ ቀይ መጋረጃ ይንጠለጠላል። በቤተ መንግሥቱ አንድ መስተዋት የለም። በሳንቲሙ ላይ፣ በችሎቱ ግድግዳ ላይ፣ በካቴድራሉ ውስጥ ያለው ምስሉ ሁሉ የግራ ጎኑ ነው፤ ሁሉንም የሣለው ታዴኦ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ግማሽ ፊት ሣለ።

አንድ ሽንኩርት ነጋዴ በገበያ ቀን ጓደኞቹን ሊያስቅ አፉን እንደዚያ አጣምሞ አሳየ። በዚያው ሳምንት ከደወሉ ግንብ ላይ በተንጠለጠለው የብረት ጎጆ ውስጥ ከተቱት። ኅዳር ነበር። ስድስት ቀን ጩኸቱን ሰማነው፤ በሰባተኛው አልሰማነውም። ከዚያ ወዲህ በቶሬቫልዳ ጥርሱን የታመመ ሰው እንኳ ጉንጩን ይዞ መንገድ አይወጣም።

እንዲህ ያለው ጌታችን ሲያረጅ አዲስ አምሮት መጣበት፤ ሰው የሚፈራበት አዳራሽ አማረው። "እንግዶቼ ሲገቡ ጣሪያው የሚወድቅባቸው ይምሰላቸው። ይጩኹልኝ። ከዚያ እንስቅባቸዋለን" አለ። ታዴኦ እንደ ልጅ ፈነደቀ። በወንዙ ዳር ባለው የቤተ መንግሥቱ ክንፍ ሰፊ ቅስት ጣሪያ በሸክላ ገነባን፤ እኔ እየለሰንኩ እሱ የሚፈርስ ግንብ ሣለበት። ዓምዶች ይናዳሉ፤ ቅስቶች ይሰነጠቃሉ፤ በስንጥቁ መካከል የጨለመ ሰማይ ይታያል፤ ቤት የሚያክል ድንጋይ ራስህ ላይ ሊያርፍ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ልስኑን የለሰንኩት እኔው ሆኜ በገባሁ ቁጥር አንገቴን እሰብር ነበር።

ችግሩ ብረቱ ነበር። ቅስት ጣሪያ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ ከግድግዳ ግድግዳ የብረት ማሰሪያ ይወጠርበታል። በየቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ሰው ስለለመደው አያየውም። በዚህ አዳራሽ አራት አስገብተን ነበር። መስፍኑ ሥራውን ሊያይ መጥቶ ቀና ሲል ፊቱን አጨፈገገ።

"ይህ ምንድን ነው? የታሰረ ውሻ ማንን ያስፈራል? አውጡት" አለ።

መሐንዲሱ ታዴኦ "አይሆንም" ማለት ነበረበት። ሠዓሊው ታዴኦ ግን ብረቱን ከመጀመሪያውም አይወደውም ነበር፤ ሥዕሉን አራት ቦታ ይቆርጥበታል። በአንድ ገላ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ በዓይኔ አየሁ። ሠዓሊው አሸነፈ።

"ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ይችለዋል" አለኝ መስፍኑ ከወጣ በኋላ።

"ወፍራምስ ነው። የቆመው ግን ጭቃ ላይ ነው። ወንዙ እግሩን እየላሰው ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ መርዶ ነጋሪ ሆነህ ቀረህ!"

"እኔ ምን አውቃለሁ። መርዶውን የሚነግረኝ ልስኑ ነው።"

"እንግዲያው ልስንህ ሲነግርህ ንገረኛ!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ብረቶቹ በመጋዝ ተቆርጠው ወጡ። የመጨረሻው ሲቆረጥ ጣሪያው አንድ ጊዜ ጠቅ አለ፤ እኔ ሰማሁ፤ ሌላው ሰው ያወራ ነበር።

ልስኑ የነገረኝ በጥር፣ በቅዱስ እንጦንስ ዕለት ነው። ጠርዝ ላይ የረገፈች ጌጥ ልጠግን መሰላል ላይ ወጥቼ ሳለ ከተሣለው ግንብ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ የሚወርድ አንድ ስንጥቅ ዓይኔ ላይ አረፈ። ቀጭን ነው፤ ያምራል። ግን አላውቀውም። እኔ የጣሪያውን ልስን ቀን በቀን አውቀዋለሁ፤ የቱ የማክሰኞ እንደሆነ፣ የቱ የዓርብ እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ይህ ስንጥቅ የማክሰኞውን፣ የረቡዑንና የዓርቡን አቋርጦ ይሄዳል። ጥፍሬን ሰደድኩ። ገባ። መሰላሉን አቅፌ ቆምኩ። ታዴኦን ጠራሁት።

"ይህን መቼ ሣልከው?"

ወጥቶ ብዙ አየው። "መስከረም ላይ መሰለኝ።"

"መስከረም ላይ እዚህ ጋ ገና ልስን አልነበረም።"

ጣቱን አስጠግቶ መልሶ ሰበሰበው። ጥፍሩን እንዳላስገባ ልብ አልኩ።

ግንበኛ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። ጣት የምታክል ጄሶ በስንጥቁ ላይ አጋድሜ ለጠፍኩና ቀኑን በምስማር ጻፍኩባት። ጄሶ ግትር ነው፤ መለጠጥ አያውቅም። ስንጥቁ የቆመ እንደሆነ ጄሶዋ ደህና ትከርማለች፤ ስንጥቁ የሄደ እንደሆነ ትሰበራለች። እኛ "ሰላይ" እንላታለን። ታዴኦ ምንም ሳይናገር ብሩሹን አንሥቶ ሰላይዋን የድንጋይ ቀለም ቀባት። ከታች ሲታይ ጠፋች።

"ለምን?" አልኩት።

"መስፍኑ ቢያያትስ?"

"ያያት እንጂ!"

"ሜንጎ፣ ቅበላ ሐሙስ ስድሳ እንግዳ ይመጣል። የእህቱ ልጅ የምትታጨው እዚህ ነው። ጾሙ ሲገባ አዳራሹ ይዘጋል፤ ያኔ ብረቱን እመልሳለሁ፤ ሰበብ አላጣም። አንድ ምሳ ነው። አንድ ምሳ ይችላል።"

"ጣሪያው ግብዣው ለስንት ቀን እንደሆነ ያውቃል?"

ብሩሹን ጠርጎ ከመሰላሉ ወረደ።

በዘጠነኛው ቀን ሰላይዋ ተሰበረች። ፀጉር የምታክል ክፍተት ነበረች፤ ግን ከዳር እስከ ዳር። ታዴኦ አየና እንደ ጄሶዋ ነጣ። "ዛሬ እነግረዋለሁ" አለ። እውነትም ሊነግረው ቆርጦ ነበር፤ የሸማውን አቧራ ሲያራግፍ፣ ፀጉሩን በምራቁ ሲያስተካክል አይቼዋለሁ። መስፍኑ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ሊያይ መጣ፤ እኛም እንደ ወጉ በግራው ቆምን። ታዴኦ አፉን ከፈተ።

"ጌታዬ፣ ስለ ጣሪያው አንድ ነገር..."

"ቆይ፣ ቆይ!" አለ መስፍኑ። ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። የቀሰረው በቀጥታ ወደዚያ ስንጥቅ ነው። "ይሄኛው! ከሁሉም የበለጠው ይሄኛው ነው። የሌሎቹ ሥዕልነታቸው ያስታውቃል። ይህን ሳይ ግን ወደ በሩ ልሮጥ ይዳዳኛል። የማን ሐሳብ ነው?"

ታዴኦ ዓይኑን ከስንጥቁ ወደ ወለሉ አወረደ። መስፍኑ ጠበቀ፤ ከዚያ መጠበቅ ሰለቸውና ወደ እኔ ዞረ። በግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ "አንተ ኖራው፣ እውነተኛ ስንጥቅ እንዳይሆን?" አለኝ። ቀልዱን ነበር። አጃቢዎቹ ሳቁ። እኔ ግን በመስኮቱ የደወሉ ግንብ ይታየኝ ነበር፣ ጎጆውም በነፋስ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዝ ነበር።

"የሊቀ ጠበብቱ እጅ ነው፣ ጌታዬ" አልኩ።

"እጁ ይባረክ!" አለ መስፍኑ። "ስማኝ፣ ኖራው። የዚያን ዕለት ያ ከጠርዙ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ጋ ተደበቅ። ሦስተኛውን ዋንጫ ሳነሣ አንድ እፍኝ የኖራ አቧራ ልቀቅባቸው። እንዴት እንደሚጮኹ ታያለህ!" እየሳቀ ወጣ።

ታዴኦ ወደ እኔ ዞረ። "ለምን እንዲያ አልክ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?"

ሁለታችንም መልሱን እናውቀዋለን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ዝምታ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እየነቀዘ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጄ ኦርሶላ እየዘለለች ቤት ገባች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ድምፅ አላት፤ በካቴድራሉ በዓል ላይ የሰማቻት የምትታጨዋ ልዕልት አስጠርታት ነበር።

"አባዬ! በቅበላው ግብዣ ላይ እንድዘፍን ተመረጥኩ! በአዲሱ አዳራሽ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከበገና ደርዳሪው አጠገብ!"

በመስኮቱ በኩል። ስንጥቁ የሚወርደው ወደዚያ ነው።

"አትሄጂም።"

"ምን?"

"ጉሮሮዬን አመመኝ በያቸው።"

"አባዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ልዕልቲቱ ራሷ እኮ ነች የመረጠችኝ!"

"አዳራሹ... ይበርዳል። እርጥብ ነው። ድምፅሽን ይዘጋዋል።"

"ስድሳ ሰው በገባበት ነው የሚበርደው?" ብላ ሳቀችብኝ። ለመንኳት። በሕይወቴ ልጄን ለምኜ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ጉልበቷን ይዤ ለመንኳት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም። ብነግራት ለጓደኞቿ ትነግራለች፣ ጓደኞቿ ለእናቶቻቸው ይነግራሉ፣ ማታውኑ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። በመጨረሻ ተቆጣች። "እኔ የለሳኝ ልጅ ሆኜ እንድቀር ነው የምትፈልገው" አለችኝ። ያ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬ አለ።

ቅበላ ሐሙስ ደረሰ። ቀኑ ብራ ነበር። በግድግዳው ውስጥ ባለው ጠባብ ደረጃ ወጥቼ ከተሣለ ድንጋይ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ አንድ ባልዲ አቧራ። ከላይ ሆኜ ሁሉን አያለሁ። የመስፍኑ ወንበር ከነቀይ መጋረጃው አለ። በግራው በኩል ረጅሙ ማዕድ ተዘርግቷል፤ ታዴኦ ከጫፉ ተቀምጧል። ኦርሶላ የእናቷን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ በመስኮቱ በኩል ቆማለች። እንግዶቹ ሲገቡ ጮኹ፣ ሴቶቹ የባሎቻቸውን ክንድ ያዙ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። መስፍኑ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ደስ አለው።

የእኔ ጆሮ ግን ጣሪያው ጋ ነበር። ጀርባዬን ሸክላው ላይ አስደግፌያለሁ። የመጀመሪያው ዋንጫ ተነሣ። ኦርሶላ ዘፈነች። በዘፈኗ መካከል ከጀርባዬ አንድ ነገር ጠቅ አለ። ቆየና እንደገና ጠቅ አለ፤ ደረቅ ማገዶ እሳት ሲነካው እንደሚለው። ከዚያ ማረፉን ተወና ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ዋንጫ ተነሣ። ከስንጥቁ አቧራ ፈሰሰና የእንግዶቹ የአሣ ሾርባ ላይ አረፈ።

ጩኸትና ሳቅ ሆነ። መስፍኑ ወደ እኔ ቀዳዳ ቀና ብሎ በጣቱ አስፈራራኝ።

"ኖራው! ቸኮልክ! ገና ሁለተኛው ነው!"

ራሴን በቀዳዳው አወጣሁ። "እኔ አይደለሁም፣ ጌታዬ! አልነካሁም! ውጡ! ስለ ማርያም ውጡ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "ድምፁን ስሙት! ከልቡ እኮ ነው!" አለች አንዲት ወይዘሮ። አንዱ እንግዳ ተነሥቶ አጨበጨበልኝ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኦርሶላም አጨበጨበች፤ አባቷ እንዲህ ተዋናይ መሆኑን ስታይ ደስ ብሏት። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ እዚያ ያለቀስኩት እኔ ብልህ ሆኜ አይደለም። በጮኽኩ ቁጥር ጭብጨባው ይበረታል። በራሳችን እጅ እውነትን የማያምኑበት ቤት ሠርተንላቸዋል፤ አሁን እውነቱን ማን ይመን?

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ታዴኦ ከጫፉ ቀና ብሎ እያየኝ ነበር። ባልዲውን በቀዳዳው አውጥቼ ዘንበል አድርጌ አሳየሁት። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ፊቱን መቼም አልረሳውም። መጀመሪያ ፈራ፤ እኔ እንደፈራሁት ያለ ተራ ፍርሃት ነው። ወደ በሩ አየ፤ ቅርቡ ነበር፤ ብቻውን መውጣት ይችል ነበር። ከዚያ ሳይቸኩል ተነሣ፣ ከመስፍኑ ወንበር ጀርባ አለፈና ቀዩን መጋረጃ ገልጦ በቀኙ ቆመ።

ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ከሸክላው ጠቅታ በቀር ምንም አይሰማም። ታዴኦ የመስፍኑን የማዕድ ፎጣ አንሥቶ ገበታው ላይ ዘረጋ፤ ከደረት ኪሱ የማትለየውን ከሰል አወጣ። ዓይኑን ከዚያ ጉንጭ ሳይነቅል ሣለ። የወረደውን ቆብ፣ የተንጋደደውን ከንፈር፣ የረጠበውን የአገጭ ጥግ፣ ሁሉን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያፈነው እጅ ስለሆነ አላመነታም፤ ከአምስት ትንፋሽ አልበለጠም።

"ጌታዬ፣ ይህኛው ግማሽ ቀርቶብኝ ነበር" አለ።

ፎጣውን ለእንግዶቹ ከፍ አድርጎ አሳየና መልሶ ደረቱ ላይ ሸፈነው። ወደ በሩ እየሮጠ "እዚህ ጨለማ ነው! በደንብ ማየት የሚፈልግ ወደ ግቢው ይምጣ!" ብሎ ጮኸ።

"ያዙት!" አለ መስፍኑ። ቀኝ ጉንጩን በእጁ ሸፍኖ ራሱ ተከትሎት ሮጠ። ዘበኞቹ ተከተሉ። እንግዶቹስ ይቀራሉ? በአገሩ ሁሉ ሲንሾካሾኩበት የኖሩት ፊት በፎጣ ላይ እየሄደ! ወንበር እየገለበጡ፣ ቀሚስ እየረገጡ እርስ በርስ ተገፋፍተው ወጡ። "ውጡ" ብዬ ስለምናቸው ያልወጡት ሰዎች የሰው ጉድ ለማየት በአንድ በር ተጨናነቁ። በገና ደርዳሪው መሣሪያውን ጥሎ ሮጠ። ኦርሶላም አረንጓዴ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች፤ እሷም እንደ ሌላው ያንን አፍ ለማየት ጓጉታ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ኦርሶላን ክንዷን ይዤ ሳበቃ መሬቱ ከእግሬ ሥር ዘለለ። ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በደረት ነው የተሰማው። መስኮቶቹ ሁሉ ነጭ አቧራ ተፉ። የወንዙ ዳር ግድግዳ ወደ ውጭ ተናደ፤ ጣሪያው፣ ግንቡ፣ ሰማዩ፣ የማክሰኞዬ፣ የረቡዕዬ፣ የዓርቤ ልስን በሙሉ ማዕዱ ላይ ወረደ።

አንዲት ወይዘሮ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ሦስተኛውን ሳታጨበጭብ እጇ አየር ላይ ቀረ።

አቧራው ሲቀል መስፍኑ ከታዴኦ ፊት ቆሞ ነበር። ፎጣውን ቀምቶት ያየዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራሱን ያላየ ሰው ነው። እጁን ከጉንጩ ማንሣቱን እንኳ አላወቀም፤ ሁላችንም ፊቱን አየነው፤ ሥዕሉ ትክክል ነበር፣ እንዳለ ነበር።

"ታውቅ ነበር?" አለው በቀስታ።

"አውቅ ነበር፣ ጌታዬ።"

"ከመቼ?"

"ከእንጦንስ ዕለት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እፈራዎት ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንም እፈራዎታለሁ" አለ ታዴኦ።

መስፍኑ ፎጣውን አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተና ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። "አንተ። 'የሊቀ ጠበብቱ እጅ ነው' ብለኸኝ ነበር። አንተስ ታውቅ ነበር?"

የኦርሶላ ክንድ በእጄ ውስጥ ነበር። ከመስፍኑ ራስ በላይ የደወሉ ግንብ ነበር። ታዴኦ አየኝ፤ ልጄንም አየ፤ ከዚያ በዕድሜው አሰምቶት በማያውቅ የንቀት ድምፅ ሳቀ።

"እሱ? እሱ ለሳኝ ነው እኮ፣ ጌታዬ! ኖራ ከማቡካት በቀር ምን ያውቃል?"

ይህንን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ዕድሜዬን ሙሉ ተቆጥቻለሁ። የዚያን ቀን ግን እንደ ቁራሽ እንጀራ ተቀበልኩት።

"አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ" አልኩ።

ታዴኦን ጎጆው ውስጥ የከተቱት ጾሙ በገባበት ዕለት ነው። እንደ ሽንኩርት ነጋዴው አልጮኸም። እጁን በብረቱ መካከል አውጥቶ አየር ላይ ጣቱን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ሰዎች አበደ አሉ፤ እኔ ግን እየሣለ እንደነበር አውቃለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን እጁ መንቀሳቀሱን ተወ። መስፍኑ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ፤ ምስሉን ሌላ ሠዓሊ እንዲሥለው አልፈቀደም። ሲሞት ፎጣው ከትራሱ ሥር ተገኘ ብሎ ጢም ላጩ ነግሮኛል።

እኔ ዛሬም እለስናለሁ። እቤቴ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ባየሁ ቁጥር ሰላይ እለጥፋለሁ፤ አሥራ ሁለት ደርሰዋል፤ ጠዋት ጠዋት በጣቴ እየዳበስኩ እዞራቸዋለሁ።

ታዴኦን ከነጎጆው ያወረዱት ዕለት ኦርሶላ አደባባዩ ላይ አጠገቤ ቆማ ነበር።

"አባዬ፣ ለቅበላው እንዳልዘፍን ጉልበቴን ይዘህ የለመንከኝ ለምን ነበር?"

"ይበርዳል ብዬ ነዋ።"

"ታውቅ ነበር?"

ለመስፍኑ ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩላት። መስፍኑ አምኖኝ ነበር። ልጄ አላመነችኝም።